አረንጓዴው ውሃ እስኪመጣ

እማማ ጠርሙስ ከምሳ በኋላ ቢሮዋ ወንበር ላይ ሸለብ ሲያደርጋት የምታየው ሕልም ሁልጊዜ አንድ ነው። ከተራራው ሥር ትሄዳለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ፣ ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ሲሄድ አብራው ትሄዳለች። ጨለማ ነው፤ ግን አያስፈራም። ክፍል ወደ ክፍል ይከፈታል፣ ግድግዳው ሁሉ እርጥብ ነው፣ ከወዲያ ማዶ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ይሰማታል። «ከየት ነው የምትመጣው?» ትለዋለች ውሃውን። ውሃው አይመልስም፤ እንዲያው ቀስ ይላል፣ እሷም ቀስ ትላለች። ከዚያ አንዱ ተማሪ በር ሲያንኳኳ ትባንንና «ግባ! ምን ታንኳኳለህ፣ በሩ ክፍት አይደል!» ብላ ትቆጣለች።

ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። በሯ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ «ፕሮፌሰር፣ የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪ» ይላል፤ ግን ሰሌዳ ማን ያነባል? ሰው የሚያየው ቦርሳዋን ነው፤ ከቦርሳዋ ደግሞ ጠርሙስ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ አንዱ ደፋር «እማማ፣ ውሃ ጠምቶዎት ነው ጠርሙስ የማይለይዎት?» አላት። «አዎ ልጄ፣ ጠምቶኝ ነው» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። ሴትዮዋ ግን እውነቷን ነበር፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ እነግራችኋለሁ።

በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ወዳለው ምንጭ ትወርዳለች። ደረጃው ያዳልጣል፤ የብረት መደገፊያውን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። ጠርሙሱን ትሞላና ቀኑን ጽፋ ትለጥፍበታለች። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ ግድግዳው ውስጥ ቧንቧ ሲያጉረመርም ወደሚውልበት ላቦራቶሪዋ ትገባለች። እዚያ ዓይን የማያየውን ቀለም በብርሃን የሚያይ ማሽን አለ። ውሃውን ታስገባለች፣ ማሽኑ ያስባል፣ ቁጥር ይወጣል። ዜሮ። በሚቀጥለው ሰኞም ዜሮ። ባልደረቦቿ «ወይ የሳይንስ ፍቅር! እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ይገኛል?» እያሉ ያደንቋት ነበር። ሳይንስ ብቻ መስሏቸው ነው፣ የዋሆች።

ነገሩ የጀመረው ገና ረዳት መምህር ሳለች ነው። ከከተማዋ በላይ፣ ተራራው ራስ ላይ፣ አንድ ጉድጓድ አለ። የዝናቡን ጎርፍ ዋጥ አድርጎ ስለማይመልስ ሰዉ «ጉሮሮ» ይለዋል። ታች ደግሞ ምንጩ አለ። ጉሮሮ የዋጠው ውሃ በምንጩ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ጥያቄው ይኸው ነበር። አብሯት የሚሠራ ሌላ ረዳት መምህር ነበረ፤ ቁመናው ያማረ ስለሆነ ሎጋው ይሉታል። ሎጋው «ይወጣል፣ ያውም በቀናት ውስጥ» ይላል። እሷ ደግሞ «የድንጋይ ውስጥ ውሃ አውቶቡስ መሰለህ? ይንከራተታል እንጂ አይሮጥም» ትላለች። ካፍቴሪያው ውስጥ ይከራከራሉ፣ ደረጃ ላይ ይከራከራሉ፣ አንዱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላው ከታች በመስኮት ይከራከራል። ለሰሚው ጠላትነት ይመስል ነበር። ፍቅር ነበር፣ ምን ይደረግ።

አንድ ቀን ሎጋው ክርክሩን መሃል ላይ አቋረጠና «እንጋባ» አላት፣ እንዲያው በድንገት። ልቧ ዘለለ። አፏ ግን የራሱ አመል ነበረው። «ጥሩ፣ ጉሮሮ ውስጥ ቀለም እንጨምር። ክረምቱ ሳይወጣ ምንጩ ላይ አረንጓዴ ውሃ ከመጣ አገባሃለሁ። ካልመጣ ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አለችው። እሱም እጁን ዘረጋና ተጨባበጡ። ሌላው ሰው አበባ ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ በቀለም ተወራረዱ። ይቅር ይበላቸው እንጂ ምን ይባላል!

ቀለሙን ሎጋው ብቻውን ይዞ ወጣ። ሲደርቅ ቀላ ያለ ዱቄት ነው፤ ውሃ ሲነካው አረንጓዴ ይሆናል። እሷ ታች ምንጩ ዳር ነጭ ሳፋ ይዛ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠብቅ ልቧ ውስጥ ምን እንደነበረ ለማንም አልተናገረችም። አይመጣም ብላ የተወራረደችበትን ውሃ «ና፣ እባክህ ና» እያለች ትለምነው ነበር። ዝናቡ ጀመረ፣ በረታ፣ አባራ። በሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ግን እንደ ጠራ ከረመ። ቀለሙ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ ሎጋው ወደ ምንጩ ወረደ። ሳፋውን አየ። «አሸነፍሽ» አላት። ያኔ አንድ ቃል፣ አንዲት «ተወው ባክህ፣ ቀለም ምን ያውቃል» ትበቃ ነበር። ግን ሁለቱም ሳይንቲስት ነን ባዮች ናቸው። «ውጤት ውጤት ነው» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ። «ውጤት ውጤት ነው» አለ እሱም፣ ደረጃውን ወጣ፣ ሄደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነሱ ጋ ሞኙም ወረቀቱም ነበሩ። ሎጋው ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ከውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ገባ። ሚስት አገባ ሲባል ተሰማ። ከዚያ በኋላ ወሬውም ጠፋ።

እሷ ከዚያ ዜሮ ላይ የዶክትሬት ጽሑፏን ጻፈች። የምንጩ ውሃ አያቶቿ ሳይወለዱ የዘነበ ዝናብ እንደሆነ በሌላ መንገድ ለካች፤ እውነትም ነበር። ከዚህ ተነስታ የጉሮሮም ውሃ አብሮ ይንከራተታል አለች። «በተራራው ውስጥ አቋራጭ የለም» የሚለው አረፍተ ነገሯ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፣ ከዓመት ዓመት ተማሪ ሸመደደው፣ ፈተና ላይ መጣ። የቀለሙ የመጀመሪያ ጠብታ መቼ እንደሚደርስም አሰላች። የተባለው ዓመት ደርሶ ቀለሙ ሲቀር እንደገና አሰላች፤ በመጨረሻ አርባ ዓመት ላይ ቆመች። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ ትተርባታለች። «እትዬ፣ ይሄ ስሌትሽ እኮ እኔ ለደንበኞቼ ‹ለነገ ይደርሳል› እንደምለው ነው።»

እንዲህ እየተባለ ጡረታ ደረሰ። ክረምቱ ሲያልቅ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ታስረክባለች፤ ክፍሉ የኮምፒውተር ክፍል ይሆናል፣ ማሽኑም ወደ መጋዘን ይገባል። ከዚያ ወዲያ ምንጩ ዳር ጠርሙስ ይዞ የሚወርድ አይኖርም። ቀለሙ ቢመጣ እንኳ ማንም ሳያየው ወደ ወንዙ ይሄዳል። ይህ ነበር ሆዷን የሚበላት። ሹመቱም ሽልማቱም ይቅርባት፤ በዓይኗ ብቻ ትየው።

አንድ ሰኞ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ እንደ ልማዷ ሞልታ መጣች። ማሽኑ አሰበ። ቁጥር አወጣ። ዜሮ አልነበረም። «ምን ሆንክ አንተ?» አለችው ማሽኑን። ብርጭቆውን አጥባ ደገመች። ደግሞ አጥባ ሠለሰች። በመጨረሻ የተረፈውን ውሃ ነጭ ሳፋ ውስጥ ገልብጣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ከምድር ቤቱ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግርና ትንሽ የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፤ ግን በቃ። ውሃው ገና እንዳልበሰለ ሎሚ አረንጓዴ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቧንቧው ያጉረመርማል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሳፋው ጭኗ ላይ ነው። ሕልሟ ይሁን ቀን አልለየችውም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የድሮ ተማሪዋ፣ እንደዚያ ሆና አገኛት። «ፕሮፌሰር! ምነው፣ ወደቁ እንዴ?»

«መጣ» አለችው።

ሳፋውን አየ። ከዚያ ጎረምሳነቱ ተመልሶበት ዘለለ። «አርባ ዓመት! እንዳሉት አርባ ዓመት ፈጀበት! ፕሮፌሰር፣ ዓለም ጉድ ይላል! የስንብት ንግግርዎ ላይ ይህንን ነው የሚያቀርቡት፤ እኔ ጋዜጠኛ እጠራለሁ፣ አዳራሹን አስጠርጋለሁ!» እያለ ደረጃውን በሩጫ ወጣ።

ቤት ስትደርስ እህቷ አቅፋ ሳመቻት። «እንኳን ደስ አለሽ እትዬ!» አለችና ወዲያው ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች፤ ፊቷን ማሳየት አልፈለገችም። ትንሽ ሰፍታ «ሎጋውስ? አይሰማም እንዴ?» አለች።

«ሎጋው ሚስት አለው።»

«ነበረችው። ነፍሷን ይማር፣ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

«ሰው ልብስ ሲለካ ያወራላ» አለች እህቷና መኪናዋን አስጮኸችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ጠርሙስ ጠዋትም ማታም ምንጩ ጋ ወረደች። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ወረደ። ሳምንቱ ሳያልቅ ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነጥቦቹን በመስመር ስታገናኛቸው ሹል ጫፍ ያለው ጠባብ ጉብታ ወጣ። ደግማ ደጋግማ አየችው። ይህንን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አርባ ዓመት በየስንጥቁ ሲንከራተት የኖረ ቀለም ሳስቶ፣ ተበታትኖ፣ በዓመታት ውስጥ ነው የሚወጣው። ይሄ ግን መጣ፣ ታየ፣ ሄደ። ይሄ የሰሞኑ ቀለም ነው። አንድ ሰው ጨምሮታል።

በማግስቱ ታክሲ እስከሚሄድበት በታክሲ፣ ከዚያ ዣንጥላዋን ይዛ በእግሯ ጉሮሮ ድረስ ወጣች። ጉሙ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከተማው ከታች የለም፣ ከነጣሪያው ከነጩኸቱ ተውጧል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጭቃው ውስጥ የትልቅ መኪና ጎማ ዱካ አለ። ብዙ ውሃ ባንዴ ተለቆበት ሳሩ ሁሉ ወደ ጉሮሮው ተኝቷል። ቦቴ መኪና መጥቶ ነበር፤ ቦቴ የሚያዙት ደግሞ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ናቸው። ዝናብ በማይደርስበት ድንጋይ ሥር ቀላ ያለ ብናኝ አየች። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ነካችው። ጣቷ አረንጓዴ ሆነ።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ሎጋው ለምን ውሃ በቦቴ አመጣ? ብላ አሰበች፤ አስባም ሳትጨርስ ገባት። ያኔ ሎጋው ቀለሙን የጨመረው ዝናብ ሳይጀምር ነው። በደረቅ መሬት ላይ! ውሃ አላስከተለበትም። የጠማው ሸክላ ቀለሙን ጠጣው፣ ከላይ የቀረውን ፀሐይ በላው፤ ዝናቡ ሲመጣ የሚታጠብ ነገር አልቀረም። «ቀለሙን በምን አጥባችሁ አስገባችሁት?» ብላ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የምታፋጥጥ ሴት፣ ያኔ ሎጋውን አንድ ቀን አልጠየቀችውም። «አሸነፍሽ» ሲላት ልቧ ተሰብሮ፣ ጥያቄው የት ይታያት! ብቻዋን ጉም ውስጥ ሳቀች። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። አዘነች፣ ተናደደች፣ ደስም አላት፤ ሁሉም ባንዴ መጣባት።

ስትወርድ ግን ሌላ ሐሳብ ያዛት። ዝም ብትልስ? ኃላፊው በደስታ ሰክሯል፤ ጉብታውን ልብ ብሎ የሚያይ የለም። አዳራሽ ገብታ «አርባ ዓመት ፈጅቶ መጣ» ብትል ስሟ ከመጽሐፉ ጋር ይኖራል፣ በጭብጨባ ትሸኛለች። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ያ አረፍተ ነገር፣ ያ ሁሉ ተማሪ የሸመደደው፣ ይሰረዛል። ዕድሜዋን የሰጠችው ነገር ነው፤ ቀላል አይደለም። ደግሞስ ሎጋው የጠየቀው ምን ነበር? ይሄንን ቀለም የአርባ ዓመት ነው ካለች፣ «እንጋባ» የሚለው ጥያቄ ዳግም እንዳልደረሳት ይቆጠራል።

ንግግሩ በሚቀርብበት ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ ሸለብ አደረጋት። ከተራራው ሥር ናት። በዚህኛው ሕልም ግን ውሃው አልተንከራተተም። ከኋላዋ መጣ፣ አልፏት ሮጠ፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው፤ እንደ ልጅ እየሳቀች፣ እግሯ ድንጋይ ሳይነካ። ክፍሎቹ ሁሉ አረንጓዴ ብርሃን ነበራቸው። ስትነቃ በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ተነስታ ቦርሳዋን ያዘች።

አዳራሹ ሞልቷል። እህቷ የፊተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ካሜራ የያዙም አሉ። ኃላፊው በረጅሙ አመሰገናትና ወረደ። እማማ ጠርሙስ ጉብታውን ግድግዳው ላይ አሳየች።

«ይህ ቀለም አርባ ዓመት አልተጓዘም» አለች። «የተጨመረው በቅርብ ነው፤ የወረደውም በቀናት ውስጥ ነው። የምንጩ ውሃ አብዛኛው አሮጌ ነው፣ ቀስ የሚል ነው፤ ያ አልተለወጠም። ግን አብሮት የሚቸኩል ውሃም አለ። እኔ የለም ብዬ ነበር። አስተምሬያችኋለሁ፣ ፈትኛችኋለሁ፣ በዚህ ጥያቄ የጣልኳችሁም አላችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። በተራራው ውስጥ አቋራጭ አለ። ሰርዙት ያንን ገጽ።»

 የኃላፊው ፊት አመድ መሰለ። ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «እማማ... ይቅርታ፣ ፕሮፌሰር፣ ታዲያ ቀለሙን ማን ጨመረው?»

«ድሮ አንድ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ነው» አለች። «ያኔ አሠራሩን አበላሽተን መልሱ ጠፋ። አሁን በደንብ አድርጎ ደግሞ ጠየቀኝ።» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እህቷ ብቻ መሀረብ አወጣች። ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ግማሹ ምን እንደሚያጨበጭብ እንኳ አላወቀም።

ስትወጣ በሩ አጠገብ አንድ ረጅም ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ትንሽ ጎብጧል፤ ባርኔጣው ውሃ ያንጠባጥባል። አላመነታችም።

«ለምን አልገባህም?»

«ጫማዬ ጭቃ ነው» አለ ሎጋው። «ከዚህ ሆኜ ሰማሁ።»

«ጡረታ እንደምወጣ ማን ነገረህ?»

«ሱሪ ላሳጥር እህትሽ ጋ ሄጄ። ‹እትዬ አሁንም በየሳምንቱ ጠርሙስ ትሞላለች› አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ።»

«ስህተቱንስ መቼ አወቅከው?»

«ከቆየ። ሌላ ቦታ ቀለም ስጨምር ገባኝ። ግን ቤቴ ውስጥ ሰው ነበር። ደግ ሰው ነበረች። ምን ብዬ ልምጣብሽ?»

ዝናቡ ከጣሪያው ጫፍ ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። እማማ ጠርሙስ ያን ሁሉ ዘመን ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። «እኔ እኮ ምንጩ ዳር ተቀምጬ ‹ና፣ ና› እለው ነበር።»

ሎጋው ባርኔጣውን አወለቀ።  «አይመጣም ያልሽው እኮ አንቺ ነሽ! የማትፈልጊኝ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«አፌ ነው ያለው። አፌን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ» አለ፤ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

 ተማሪዎች እየተሯሯጡ በመሃላቸው አለፉ፣ አንዱ «ይቅርታ አባባ» አለው። በመጨረሻ እሷ፣ ያው አመሏ አልለቀቃትምና፣ «ለነገሩ ውርርዱ ካለፈ ቆየ። ክረምቱ ሳይወጣ ነበር የተባባልነው» አለችው።

ሎጋው ዝናቡን አየ። «ክረምቱ ሳይወጣ ነው ያልሽው። የቱ ክረምት እንደሆነ አልተናገርሽም።»

እማማ ጠርሙስ ቦርሳዋን ከፈተች፣ አረንጓዴው ውሃ ያለበትን ጠርሙስ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችው፣ ዣንጥላዋንም ዘረጋች።

«እንግዲህ» አለች ክንዱን እየያዘች፣ «ውጤት ውጤት ነው።»